ደሴ ላይ ቤት ያገዛን ደላላ፦ ስራው ደህና፣ ቋንቋው ግን አስተርጓሚ ይፈልጋል

ሰላም ለሁላችሁ። ቤት የምትፈልጉ ሰዎች "ጥሩ ደላላ ጠቁሙኝ" ስትባባሉ ስለማይ የኔንም ልጻፍ ብዬ ነው። ስሙን አልጠራም፣ ሰውየው ክፉ ስላልሆነ ላሳጣው አልፈልግም፣ ደሞም የምጽፈው ነገር የሱ ብቻ አይደለም፣ ፒያሳ ላይ ሁለት ስልክ ይዞ የቆመ ሁሉ የሚያወራው ቋንቋ ነው። ሰባት ወር አብረን ሰራን። አስራ ዘጠኝ ቤት አየን፣ አንድ ሸጥን፣ አንድ ገዛን፣ እኔና ባለቤቴ ደሞ ሁለት ጊዜ ተኳረፍን።

ነገሩ የመጣው እናታችን ስታርፍ ሸዋ በር አካባቢ ያለችው ቤቷ ለአራታችን ስለቀረች ነው። ለአራት የማትካፈል ቤት ናት፣ ስለዚህ እንሽጣት ተባለ። እኔ ኮምቦልቻ ተከራይቼ ነው የምኖረው፣ ድርሻዬ ላይ ያጠራቀምኳትን ጨምሬ ደሴ የራሴን ልግዛ አልኩ። ለምን ኮምቦልቻ አትገዛም ለምትሉኝ፣ ሙቀቱ አልሆነልኝም፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ያ ብርድ ፊቴን ሲመታኝ ነው ሰው የምሆነው።

ደላላውን የጠቆመችን አክስቴ ናት። "ይሄ ሰውዬ አይዋሽም፣ ያሳጥራል እንጂ" አለችኝ። ያኔ አልገባኝም ነበር።

የመጀመሪያውን ቤት በስልክ እንዲህ ብሎ ነገረኝ፦ "ወንድሜ፣ ከአስፋልት ትንሽ ገባ ያለ፣ አየር ያለው፣ 200 ካሬ፣ ሙሉ ግቢ፣ ውሃ መብራት የገባለት፣ ብሎኬት ቤት"። በገራዶ በኩል ነው። ሄድን። "ትንሽ ገባ" የተባለው ከባጃጅ ወርደን ሀያ ምናምን ደቂቃ ሽቅብ ነው፣ ባጃጁ ራሱ ክረምት ላይ እዚህ አልመጣም ብሎ ነገረን። "አየር ያለው" ማለት ተዳፋት ላይ ነው ማለት ነው። አየሩስ አለ፣ አልዋሸም፣ ጦሳ ተራራ ፊት ለፊትህ ቁጭ ብሎ ይታያል፣ ግን ከግቢው ስር መሬቱ ቁልቁል ነው የሚሄደው፣ አጥሩም አንድ ጥግ ላይ ወደ ገደሉ ዘንበል ብሏል። ደሴን የሚያውቅ ያውቃል፣ ተዳፋት ላይ ቤት ስትገዛ የድጋፍ ግንብ ዋጋም አብረህ ነው የምትገዛው፣ መሬት መንሸራተት እኛ ከተማ ወሬ አይደለም። ባለቤቴ ግድግዳውን በጣቷ ቆርቆር አደረገችው፣ ድም ድም አለ፣ ጭቃ ነው፣ ላዩን በሲሚንቶ ተለስኖ ቀለም ተቀብቷል። ደላላውን ስጠይቀው ምን አለ? "ከውጪ ብሎኬት ነው የሚመስለው እኮ"። እውነቱን ነው፣ ይመስላል።

200 ካሬው ግን ነው ትምህርት የሆነኝ። ካርታውን፣ ማለትም የይዞታ ማረጋገጫውን፣ ስናይ 140 ካሬ ሜትር ይላል። ቀሪው 60 የት ሄደ ስንል በአጥር ነው አለን። ለካ ካሬ ሁለት አይነት ነው፣ "በካርታ" እና "በአጥር"። በካርታ ማለት ማዘጋጃ የሚያውቅልህ ነው፣ በአጥር ማለት ባለቤቱ ቀስ በቀስ ገፍቶ ያጠረው። በአጥር የያዝከውን ነገ መንገድ ሲሰፋ ወይ ልኬት ሲመጣ ካሳም ሳታይ ትለቃለህ፣ የከፈልከው ግን በ200 ሂሳብ ነው። ከዛን ቀን ጀምሮ ስልክ ሲደውልልኝ ሰላምታ ሳልጨርስ "በካርታ ነው በአጥር?" ሆነ ጥያቄዬ፣ እሱም ስቆ ሁለቱንም ቁጥር መንገር ጀመረ። ይሄን ለሱ እቆጥርለታለሁ፣ ከጠየቅከው አይደብቅም። ካልጠየቅከው ግን አንተን መቀስቀስ ስራው አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ወደ ወረቀቱ። ቤቱ ቢያምር ባያምር የምትገዛው ወረቀቱን ነው።

"ካርታ ያለው" ሲል ደህና ነው፣ ግን ካርታው በማን ስም እንደሆነ ጠይቁ። በሟች ስም ሊሆን ይችላል፣ በፊተኛው ሻጭ ስም ሊሆን ይችላል፣ ባንክ በዋስትና ይዞትም ሊሆን ይችላል። "ካርታው ሂደት ላይ ነው" ሲል ደሞ በርትታችሁ ጠይቁ። ጢጣ አካባቢ እንዲህ የተባለ ቤት አሳየን፣ ዋጋው ካየናቸው ሁሉ ግማሽ ነው፣ እኔ ልቤ ሄዶ ነበር። ሂደቱ የት ደርሷል ስለው "ተለክቷል" አለ። ባለቤቴ ጎረቤት ቡና እያፈሉ ነበር ገብታ ጀባ ተብላ ስትጫወት ቆይታ ወጣችና መሬቱ ከገበሬ በሽማግሌ ውል የተገዛ ነው አለችኝ። በቃ። ሕገ መንግስቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል፣ ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው፣ የሰፈር ሽማግሌ ሶስት ሆኖም ቢፈርም አራት ሆኖ ያንን አይቀይረውም። ተለክቷል ያለውም አንድ ሰው በሜትር ለክቶታል ማለት ነው፣ ማን እንደለካው አላለም። በኛ አገር ሌሊት በጨረቃ ተሰርቶ ያድራል ተብሎ ጨረቃ ቤት የሚባለው ይሄው ነው፣ ደላላ ግን ጨረቃ ቤት ብሎ አይጠራህም፣ "በውል የሚተላለፍ"፣ "ሰነዱ እየተስተካከለ ያለ"፣ "ግብር የሚገበርበት" ይልሃል። ግብር መገበር ባለቤት አያደርግም፣ ደረሰኝ ብቻ ነው የሚሰጥህ።

መሀል ከተማ ደሞ በጣም ርካሽ ዋጋ ከሰማችሁና "በቁልፍ ነው" ከተባለ ሳትቀመጡ ተነሱ። የቀበሌ ቤት ነው። ደርግ በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሲወርስ ወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ለቀበሌ ሄዱ፣ ዛሬም የብዙው መሀል ከተማ አሮጌ ቤት ታሪክ ይሄ ነው። ውስጡ ያለው ሰውዬ ተከራይ ነው። የሚሸጥልህ ቁልፉን ነው፣ ቁልፍ ደሞ ገበያ ላይ በርካሽ ይቀረጻል።

ብዙ ሰው ሲደናገርበት ያየሁት "ነባር" እና "ሊዝ" ነው። ሊዝ ማለት ቦታውን ከመንግስት ለተወሰነ አመት በክፍያ በውል መያዝ ነው፣ ነባር ይዞታ ማለት ደሞ ሊዝ ሳይመጣ በፊት የተያዘ፣ ለቦታው በአመት ትንሽ ኪራይ የሚከፈልበት ነው፣ ደላላው ይሄን ቃል ሲያነሳ ድምጹ ራሱ ይቀየራል፣ እንደ ማር ነው የሚያወጣው። እኔም ነባር ከሆነማ የሊዝ ጣጣ የለብኝም ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዛ አንድ ማዘጋጃ የሚሰራ የድሮ ክፍል ጓደኛዬ ሻይ ጋብዤው ሲያስረዳኝ፣ የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ 721 ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ ውጪ በሆነ መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ተቀባዩ ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ስሪት ነው ይላል። ስለዚህ ነባር የሚባለው ለሻጩ ነው፣ ስም ሲዞር አንተ የሊዝ ባለይዞታ ነህ፣ ለመኖሪያ 99 አመት። ይሄ ማለት አትግዛ ማለት አይደለም። ሊዙን ሂሳብ ውስጥ አስገብተህ ግዛ ማለት ነው። "ሊዝ ነው" ብሎ ዝቅ ባለ ድምጽ የሚነግርህ ቤት ደሞ ሁልጊዜ መጥፎ አይደለም፣ ጥያቄው ስንት ተከፍሎ ስንት ቀረ ነው። ሕጉ ቅድሚያ ክፍያውን ከ10 ፐርሰንት በታች አይሁን ነው የሚለው፣ ብዙው ሰው ያችን ከፍሎ ቀሪውን በየአመቱ ነው የሚገፋው፣ ስለዚህ "ሊዙ ተከፍሏል" ሲባል ቅድሚያው ነው ወይስ ሙሉው ብላችሁ ደረሰኝ አምጡ በሉ።

ይሄን ሁሉ ስጽፍ ደላላውን እያጣጣልኩ ይመስላል፣ አይደለም። ሰውየው የትኛው ቤት እግድ እንዳለበት፣ የትኛው ወንድማማቾች እንደተካሰሱበት፣ የትኛው ግቢ ውስጥ ምንጭ ፈልቆ ክረምት ክረምት ሳሎን እንደሚገባ ሁሉ በጭንቅላቱ ይዞታል። አንድ ሮቢት በኩል ያየነውን ቤት እኔ ወድጄው ቀብድ ልክፈል ስል እሱ ራሱ ጎተት አድርጎ "ይሄ ይቅርብህ፣ ወራሾቹ አልተስማሙም" ብሎ ኮሚሽኑን ጥሎ ነው ያዳነኝ። ለዛ አመሰግነዋለሁ።

በመሀል የእናታችንን ቤት ለመሸጥ የሰጠነውም ለሱ ነው፣ እዚህ ጋ ነው ቋንቋው ሁለት አፍ እንዳለው ያየሁት። ለኛ ሲያወራ "ያረጀ ጭቃ ቤት ነው እኮ፣ የሚገዛችሁ ለመሬቱ ብቻ ነው፣ ብዙ አትጠብቁ"። ይሄን ያለ ሰውዬ ቴሌግራም ላይ የለጠፈውን እህቴ አገኘችው፦ "መሀል ከተማ፣ ነባር ቪላ፣ እንደቆመ የሚኖርበት፣ ለልማትም የሚሆን፣ ሰርቪስ ያለው"። ሰርቪሱ የእናቴ ማድ ቤት ነው፣ ጣሪያው ጥቀርሻ የጠጣ። አራታችንም ሳቅን፣ ከዛ እህቴ አለቀሰች፣ በቃ እንዲህ ነው የቤት ሽያጭ።

ሽያጩ ግን የዘገየው በኛው ጥፋት ነው። ካርታው በእናታችን ስም ስለነበር መጀመሪያ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ አወጣን፣ እሱን ይዘን ስም አዞርን፣ ከዛ አዲስ አበባ ያለው ወንድማችን ውክልና ላከ። ውክልናው "ድርሻዬን እንዲያስተዳድርልኝ" ይላል። ውል የሚያዋውሉት አይተው መለሱልን። ማስተዳደር እና መሸጥ አንድ አይደለም፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ውክልናው ውስጥ "እንዲሸጥ" የሚል ቃል ራሱ መጻፍ አለበት፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ 2205 ላይ አለ። በአንዲት ቃል ሶስት ሳምንት ሄደ፣ ገዢው ሊቀርብን ነበር። ስለዚህ ገዢ ስትሆኑ "በውክልና የሚሸጥ" ከተባላችሁ ወረቀቱን ራሳችሁ አንብቡ፣ ወካዩ በሕይወት መኖሩንም አረጋግጡ፣ ወካዩ ከሞተ ውክልናውም አብሮ ይቀራል።

ወደ ገዛነው ቤት ልመለስ። ቧንቧ ውሃ በኩል ነው፣ በካርታ 160፣ በአጥርም 160 (እኔ ራሴ በሜትር ለካሁት፣ ደላላው ሳቀብኝ)። የተነገረን ዋጋ 4 ሚሊዮን 200 ሺ ነው፣ "ትንሽ ድርድር አለው" ተብለን። ደላላው ደጋግሞ "ባለቤቱን በዋጋ እንዳታናግሩት፣ ይከፋዋል" ይለናል። እሺ አልን። ባለቤቱ ሐጂ ናቸው፣ ደግ ሰው፣ ቤቱን ደግመን ልናይ ስንሄድ ቡና ተፈልቷል፣ እጣኑ ይጨሳል፣ ቁጭ በሉ ተባልን። አወሉን ጠጣን፣ ቶናው ላይ ሐጂ በገዛ አፋቸው "ልጆቼ፣ እኔ ለእጄ የፈለግኩት 3 ሚሊዮን 700 ነው፣ ከሱ ወዲያ ያለውን አላውቅም" አሉ። ደላላው ቡናው ትን አለው።

"ለእጄ" የሚለውን ቃል እዚህ ላይ ነው የተማርኩት። ሻጩ ኮሚሽንም ምንም ሳይነካው እጁ ላይ የሚገባለት ማለት ነው። በለእጅ ዋጋ እና በተነገረህ ዋጋ መሀል ያለው ክፍተት ደሞ የደላላው ማሳ ነው፣ 500 ሺ ብር ነበር ያረሰው፣ ከኔም 2 ፐርሰንት ኮሚሽኑን እየጠበቀ። በረካውን ማንም አልተጫወተም፣ ዝም ብለን ጠጣን፣ ሐጂ ዱዓ አደረጉልን። ወጥተን መንገድ ላይ "ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?" ስለው ምንም አላፈረም፣ "ወንድሜ፣ 4 ሚሊዮን 2 ይላሉ አላልኩህም፣ 4 ሚሊዮን 2 ነው ነው ያልኩህ" አለኝ። የአክስቴ ነገር ትዝ አለኝ፣ አሳጠረው በቃ።

ተነጋግረን 3 ሚሊዮን 850 ላይ ጨረስን፣ ጭማሪው ለሱ እንዲሆን ሐጂም እኔም አውቀን ነው የተስማማነው፣ ከኔ ደሞ 2 ፐርሰንቱን፣ 77 ሺ፣ ሰጠሁት። ብዙ ነው ትሉኛላችሁ። ነው። ባለቤቴ እስካሁን ታነሳብኛለች።

ቀብድ ላይ ልብ በሉ። ቀብድ ብዙ ሰው "እንዳይሸጥብኝ መያዣ" ነው የሚመስለው፣ ሕጉ ግን ጥርስ አለው። ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ሰጪው ከቀረ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ከቀረ ደሞ እጥፉን ይመልሳል፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ 1883 እና 1885 ላይ አለ። እኔ 200 ሺ ስሰጥ ወረቀቱ ላይ "ቀብድ" ተብሎ እንዲጻፍ አደረግኩ፣ ደላላው "ቅድሚያ ክፍያ ብለን እንጻፈው፣ ያው ነው" ሲለኝ ያው አይደለም አልኩት። ሐጂ ሁለት መቶ ሺውን ወስደው ለሌላ ቢሸጡ አራት መቶ ይመልሱልኛል፣ ቅድሚያ ክፍያ ቢባል ግን ስለ እጥፉ ልከራከር ነው። እዚህ ላይ ደላላው ያሳጠረው በተንኮል አይመስለኝም፣ እሱም ልዩነቱን አያውቀውም ነበር።

ውሉ ላይ ደሞ "ዋጋውን 1 ሚሊዮን 500 ብለን እንጻፍ፣ ቀረጥ ይቀንስልሃል" አለኝ። የስም ማዛወሪያ ቴምብር ቀረጥ ከዋጋው 2 ፐርሰንት ነው። በትክክለኛው ዋጋ 77 ሺ፣ እሱ ባለው ደሞ 30 ሺ፣ 47 ሺ ብር ይተርፋል። አጓጊ ነው አልዋሻችሁም። ግን ሽያጩ አንድ ቀን በሆነ ነገር ቢፈርስ ይመለስልህ የሚባለው ውሉ ላይ ያለው ነው፣ 2 ሚሊዮን 350 ሺዬን በአላህ ነው የምጠይቀው ማለት ነው። ማዘጋጃም የራሱን ግምት ያወጣል፣ የጻፍከውን ብቻ አይቶ አያልፍም። እውነተኛውን ጻፍን።

እና "እሳቸው ከፈረሙ አለቀ" ለተባልኩት፣ አላለቀም፣ የጋራ ንብረት ከሆነ የሐጂ ባለቤትም መፈረም አለባቸው። እሳቸውም ሻሻቸውን አስተካክለው በባጃጅ መጥተው ፈረሙ፣ ውሉም ውል በሚመዘገብበት ቢሮ ነው የተፈረመው፣ ካፌ ውስጥ በሁለት ምስክር የተፈረመ የቤት ውል የፍትሐ ብሔር ሕጉ 1723 ላይ ወድቆ ይቀራል፣ ያልተመዘገበ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል ይዘው የሚያለቅሱ ሰዎች ፍርድ ቤት በር ላይ አይቻለሁ፣ የወራሽነቱን ስናወጣ።

"80 ፐርሰንት ያለቀ" የሚለውን ረስቼው ነበር፣ ሁለት እንደዛ የተባሉ ቤቶች አይተናል። ስትራክቸሩ ቆሟል ማለት ነው። በር፣ መስኮት፣ ኮርኒስ፣ ሴራሚክ፣ ሳኒተሪ፣ ኤሌክትሪክ፣ ቀለም ቀርቷል። ያ ሁሉ 20 ፐርሰንት ውስጥ ከገባ እኔ ሂሳብ አልተማርኩም።

በጠቅላላው ከአምስት ሶስት ኮከብ እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት በ500 ሺው ነው፣ አንዱን ደሞ በዛ ገራዶ ሽቅብ ባስወጣኝ ነው፣ ጉልበቴ እስካሁን ያስታውሰዋል። ሰው ቢጠይቀኝ እጠቁመዋለሁ ግን ከባለቤቴ ጋር ሂዱ ብዬ ነው የምልካችሁ፣ ግድግዳ ቆርቋሪ ያስፈልጋችኋል።

አሁን ገብተናል፣ ሶስት ወራችን ነው። "ውሃ መብራት የገባለት" የተባለው እውነት ነው፣ ሁለቱም አለ፣ የመብራቱ ቆጣሪ ግን ከጎረቤት ጋር የጋራ ነው፣ ጎረቤታችን ደሞ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ጋግራ የምታከፋፍል ሴት ናት። ለብቻ ቆጣሪ አመልክተን እየጠበቅን ነው። ደላላውን ደውዬ ስነግረው "ሂደት ላይ ነው በለኛ" አለኝ።